የጓዳ ሒሳብ፦ ቁሌት፣ እሳት፣ የተጠበሰበት ዘይት

ወጪ መቀነስ ሲታሰብ መጀመሪያ የሚነካው ሥጋው ነው። ሥጋ ግን በብዙ ቤት ድሮውንም የበዓልና የእሑድ ነገር ስለሆነ ከእሱ የሚቀነስ ብዙ የለም። ገንዘቡ የሚያልቀው በየቀኑ በሚደገመው ላይ ነው፤ ሽንኩርቱ በሚቁላላበት ዘይት፣ ክኩ በሚንተከተክበት እሳት፣ ሻግቶ በሚጣለው እንጀራ፣ በየወሩ በሚገዛው ላርጎ። ስለዚህ እዚህ የሚነሳው የሚደገመው ብቻ ነው። በዓመት አንዴ የሚገዛን ዕቃ በቤት ልሥራ ብሎ መድከም ለእኔ ቁጠባ አይመስለኝም።

ከቁሌት እንነሳ፤ ዘይት የሚጠፋው እዚያ ነውና።

ዘይት አስቀድሞ ድስት ውስጥ ገብቶ ሽንኩርቱ ከላይ ሲጨመርበት፣ ሽንኩርቱ ያዘለው ውሃ እስኪተን ድረስ ነገሩ መቀቀል እንጂ ማቁላላት አይደለም። ውሃው ሲያልቅ ድስቱ መያዝ ይጀምራል፤ ያኔ እጅ የሚሄደው ወደ ዘይቱ ጄሪካን ነው። አንድ ወጥ ሦስት ጊዜ ዘይት የሚጠጣው በዚህ መንገድ ነው። የእናቶች አሠራር ተቃራኒው ነው። ደቆ የተከተፈው ሽንኩርት ቆንጠር ጨው ተደርጎበት በደረቅ ድስት፣ በመካከለኛ እሳት ብቻውን ይገባል። ጨው ውሃውን ቶሎ ስለሚያወጣው ሽንኩርቱ በገዛ ውሃው ይበስላል። አንድ ኪሎ ሽንኩርት ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይፈልጋል። መያዝ ሲጀምር የሚጨመረው ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሙቅ ውሃ ነው፤ ከታች የተጣበቀውን ቡናማ ነገር በማማሰያ ፍቆ ማንሳት ያስፈልጋል፣ የወጡ ቀለምና ጣዕም እዚያ ላይ ነው ያለው። ጊዜ ለመቆጠብ ተብሎ በብሌንደር የተፈጨ ሽንኩርት እንዲህ አይሆንም፤ ውሃ ይበዛበታል፣ ለመቁላላት ይዘገያል፣ መረር የማለት ጠባይም አለው።

ሽንኩርቱ ወርቃማ ሆኖ ድስቱን ሲለቅ ዘይቱ ይገባል። ለአንድ ኪሎ ሽንኩርት 100 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ ከአንድ ተኩል የቡና ሲኒ አይበልጥም። ቀጥሎ ከ80 እስከ 100 ግራም በርበሬ። በርበሬ በጋለ ደረቅ ዘይት ላይ ከወደቀ ወዲያው ያርራል፣ ያረረ በርበሬ ደግሞ ምንም ቢደረግ ምሬቱ አይለቅም። ስለዚህ ከበርበሬው በፊት ግማሽ ሲኒ ውሃ ጠብ ይደረጋል። ከዚያ እሳቱ ተቀንሶ፣ ውሃ በትንሽ በትንሹ እየተከተለ 25 ደቂቃ ይቁላላል። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉ ከበርበሬው በኋላ ይግቡ። የቁሌቱ መድረስ የሚታወቀው ዘይቱ ቀልቶ ጠርዝ ጠርዙን ሲወጣ ነው። በዚህ መጠን በተሠራ ቁሌት ላይ የሚታየው ቀጭን ቀለበት ብቻ ነው፤ ወጥ ላዩ ዘይት ካልተኛበት አልበሰለም የሚል እንግዳ ካለ ለእሱ ቀን ብቻ አንድ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ከላይ ይደረግለት።

እውነተኛው ቁጠባ ግን ቁሌቱን በሳምንት አንዴ መሥራቱ ላይ ነው። ሦስት ኪሎ ሽንኩርት በአንድ ትልቅ ድስት ይቁላላና ስድስት ቦታ ይከፈላል። አንዱ ድርሻ ለአራት ወይም ለአምስት ሰው አንድ ወጥ ይሆናል፤ ዛሬ ሁለት ብርጭቆ ምስር፣ ነገ ድንች፣ ከነገ ወዲያ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሲቸኩሉ ሽሮ። ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ አራት ቀን፣ በረዶ ቤት ውስጥ ሁለት ወር ይቆያል። ትኩሱን ከድኖ ማስገባት የተለመደ ስህተት ነው፤ ክዳኑ ላይ የሚያልበው ውሃ ተመልሶ ይንጠባጠብና ላዩን ያበላሸዋል። ፍሪጅ ለሌለው ቤት ደግሞ ለነገ የሚበቃውን ብቻ መሥራት ይሻላል።

ሽንኩርት በሚወደድበት ሰሞን ሲሶውን በመፈቅፈቂያ በተፈቀፈቀ ዱባ መተካት ይቻላል። ውፍረቱንም ጣፋጭነቱንም ይሰጣል። ከሲሶ ካለፈ ግን የዱባ ወጥ ነው የሚሆነው።

ሽሮን በተመለከተ አጭር ቃል። የተዘጋጀ ሚጥን ሽሮ ሲገዛ የሚከፈለው ለቅመም ይመስላል፣ ውስጡ ያለውን እህል ግን ዓይቶ መለየት አይቻልም። ርካሽ ሽሮ ውስጥ ጓያ ሊገባ ይችላል፤ ጓያ ደግሞ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግር የሚያሽመደምድ እህል ነው። በቤት ሲዘጋጅ ለ5 ኪሎ የተቆላ አተር ክክ (ወይም 3 ኪሎ አተርና 2 ኪሎ ሽንብራ) 600 ግራም ያህል ዛላ በርበሬ፣ ሩብ ኪሎ ነጭ ሽንኩርት፣ 100 ግራም ዝንጅብል፣ ከነጭ አዝሙድ፣ ከኮረሪማና ከበሶብላ 50፣ 50 ግራም፣ ጨው 200 ግራም ይበቃል። የሚያበላሸው ሁልጊዜ እርጥበት ነው። ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ተወቅጠው በፀሐይ እስኪሰባበሩ ካልደረቁ ዱቄቱ በወሩ ይጓጉላል፣ ቀጥሎም ይሻግታል። ከወፍጮ ቤት የመጣ ዱቄት ትኩስ ነው፤ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ተሰጥቶ ሳይበርድ ወደ ጣሳ መግባት የለበትም።

እሳቱ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ደጋ ላይ ባቄላና ሽንብራ አልበስል የሚለው ለዚህ ነው። ከዚህ የሚከተል ነገር አለ፦ ውሃው አንዴ ከፈላ በኋላ እሳት መጨመር ውሃውን ያተነዋል እንጂ ክኩን አያፈጥነውም። ከፈላ በኋላ የሚያስፈልገው እንዳይበርድ መጠበቅ ብቻ ነው፤ ይህን ደግሞ ጋቢም ይችላል።

ድስቱን አቅፎ ዙሪያውን አንድ ጭብጥ ያህል የሚተርፍ ካርቶን ይፈለጋል። ታቹና ጎኑ በአሮጌ ብርድ ልብስ፣ በጭድ ወይም በተቀዳደደ ጋቢ ይጠቀጠቃል፤ ውፍረቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር ባያንስ ጥሩ ነው። ድስቱ ክዳኑ እንደተገጠመ ከፈላ በኋላ፣ ሳይከፈት፣ በፎጣ ተጠቅልሎ ይገባና ላዩ ላይ ትራስ ይደረጋል። ምስር 10 ደቂቃ ከፈላ በኋላ ካርቶን ውስጥ አንድ ሰዓት ይበቃዋል። አንድ ሰዓት የተዘፈዘፈ የአተር ክክ 15 ደቂቃ ፈልቶ አንድ ሰዓት ተኩል ይቀመጣል። ሩዝ ለአንድ ብርጭቆ ሁለት ብርጭቆ ውሃ አድርገው 5 ደቂቃ ካፈሉት በ40 ደቂቃ ደርሶ ይጠብቃል። አልበስል ያላቸው ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ሩብ ድስት አስገብተው ነው። ሙቀት የሚይዘው ውሃው ስለሆነ ድስቱ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛ መሙላት አለበት። ካርቶኑ ግን የምግብ ማስቀመጫ አይደለም፤ ለብ ብሎ የሚያድር ምግብ የተሕዋስያን ማርቢያ ነው። ከሦስት ሰዓት በላይ አይቆይ፣ ሲወጣም አንዴ ይንፈቅፈቅ።

ቦሎቄ ለብቻው ነው የሚታየው። በተለይ ቀዩ ቦሎቄ በደንብ ካልፈላ ሆድ የሚያናውጥ መርዝ አለው፤ ለብ ባለ ሙቀት ቀስ ብሎ መብሰሉ ደግሞ ያባብሰዋል። አንድ ሌሊት ይዘፈዘፋል፣ የተዘፈዘፈበት ውሃ ይደፋል፣ በአዲስ ውሃ ደጋ ላይ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሲንፈቀፈቅ ከቆየ በኋላ ብቻ ወደ ካርቶን ይገባል። ለባቄላና ለሽንብራም ከ10 እስከ 12 ሰዓት መዘፍዘፍ ከእሳቱ ብዙ ያተርፋል። በአንድ ሊትር መዘፍዘፊያ ውሃ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ያለሰልሳል፤ ከዚያ ካለፈ ሳሙና ሳሙና ይላል። ቲማቲምና ሎሚ እህሉ ሳይለሰልስ ከገቡ ያጠነክሩታል። ከዓመት በላይ ሙቀት ውስጥ የተቀመጠ እህል ግን ምንም ቢዘፈዘፍ ላይለሰልስ ይችላል፤ እሱን አስፈጭቶ ሽሮ ማድረግ ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ በቤት ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ በላተኛው ነው፤ ሲበራ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። የቤት መብራት ታሪፍ ደግሞ በእርከን ስለሆነ ብዙ በተጠቀሙ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ ይወጣል። ምጣዱ ለመጋል ብቻ ሩብ ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅ፣ አምስት እንጀራ ለመጋገር በሳምንት ሦስቴ ማብራት አሥራ አምስቱን በአንዴ ከመጋገር በጣም ይወደዳል። ሊጡ ሳሳ ብሎ፣ ማሰሻው፣ ሰፌዱ፣ መጥለፊያው ሁሉ ቀርቦ ከዚያ ይሰካ። የመጨረሻዎቹ ሁለት እንጀራዎች ምጣዱ ከጠፋ በኋላ በያዘው ግለት ይወጣሉ። ከእነሱ በኋላ የሚቀረው ሙቀት ኮረሪማና አዝሙድ ለማመስ፣ ድርቆሽ ለማድረቅ ይበቃል። በእንጨት ለሚጋግር ቤት ምርጥ የሚባለው በሲሚንቶ የሚሠራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ እንጨት ይቀንሳል። ለከሰል ደግሞ ላቀች የምትባለው ከሰል ቆጣቢ ምድጃ አለች።

እንጀራው

እንጀራ የሚሻግተው በሦስተኛው ቀን ሳይሆን በተጋገረበት ሰዓት ነው ማለት ይቻላል። ትኩስ በትኩስ ላይ ሲደራረብ በመሐሉ የሚያልበው ውሃ ነው ሻጋታውን የሚጠራው። እያንዳንዱ እንጀራ ሰፌድ ላይ በርዶ፣ በእጅ ሲነካ ሙቀት ሳይሰማ ሲቀር ወደ መሶብ ይግባ። መሶቡም በየሳምንቱ ፀሐይ ይምታው፤ የድሮ ሻጋታ በስንጥቁ ተቀምጦ አዲሱን ይጠብቃል።

በሁለተኛው ቀን የሚተርፍ መሆኑ ከታወቀ በዚያው ቀን ድርቆሽ ይደረግ። ተቆራርሶ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ይሰጣል፤ ሲሰበር ቀጭ የሚል ድምፅ እስኪሰጥ ሁለት ጥሩ ፀሐይ ይወስዳል። እየተጣጠፈ የማይሰበር ከሆነ ገና ነው፣ ከታሸገ ይሻግታል። ባሕር ማዶ ላለ ዘመድ የሚላከው ድርቆሽ ደርሶ ሲከፈት አረንጓዴ የሚሆነው በዚህ ስንፍና ነው። የሻገተ እንጀራን ሻጋታውን ፍቆ ማድረቅ ግን ቁጠባ አይባልም፤ የሚታየው ነጥብ ብቻ ነው የሚነሳው፣ ሥሩና መርዙ እንጀራው ውስጥ ይቀራል፣ ማድረቅም አያጠፋውም። ይጣል።

ጤፍን ከሌላ እህል መቀላቀል ሁሉም ያውቀዋል፣ የማይታወቀው ልኩ ነው። ሦስት እጅ ጤፍ ለአንድ እጅ ማሽላ፣ ገብስ ወይም ሩዝ ጥሩ ነው። ሩዝ ያነጣዋል፣ በማግሥቱ ግን ያደርቀዋል። ማሽላ ይፈረፍራል። መፍትሔው አብሲቱ ላይ ነው፤ ለንጹሕ ጤፍ ከሚጣለው አብሲት በግማሽ ያህል ይጨመር። የተቀቀለው ሊጥ ውሃ ይዞ ስለሚቆይ እንጀራው በሁለተኛው ቀንም ይጠቀለላል።

የተጠበሰበት ዘይት

ሳምቡሳና ድንች ሁለት ሦስት ጊዜ የተጠበሰበት፣ የጠቆረና አረፋ የሚያበዛ ዘይት ለምግብ አይሆንም። ወደ ፍሳሽ ቱቦ ከተደፋ ይረጋና ቱቦውን ይዘጋል። ለልብስና ለወለል ሳሙና ግን ደህና ጥሬ ዕቃ ነው።

መጀመሪያ ይጽዳ። በነጠላ ጨርቅ ይጠለላል፤ ከዚያ ከእኩል ውሃና ከሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው ጋር አብሮ ይፈላና እስኪቀዘቅዝ ይቀመጣል። ቅመሙና ፍርፋሪው ከነሽታው ከታች ይቀራል፣ ዘይቱ ከላይ ይቀዳል። ውሃ ጠብታ እንዳይቀርበት።

መጠኑ ይህ ነው፦ 1 ኪሎ ዘይት፣ 130 ግራም ኮስቲክ ሶዳ፣ 300 ሚሊ ሊትር ውሃ። ለሱፍም ለፓልምም ይሠራል፤ ፓልም ጠጣር ሳሙና ይሰጣል፣ ሱፍ ለብቻው ለስላሳ ሆኖ ስለሚቀር ግማሽ ግማሽ ቢሆን ይመረጣል። በሊትር ሳይሆን በሚዛን ይለካ። አንድ ሊትር ዘይት 920 ግራም ገደማ ነው፤ "አንድ ሊትር ያው አንድ ኪሎ ነው" ብሎ 130 ግራም ሶዳ የጨመረ ሰው እጅ የሚያቃጥል ሳሙና ያወጣል። ዲጂታል ሚዛን ከሌለ ይህ ሥራ ይቅር።

ኮስቲክ ሶዳ ቆዳና ዓይን ያጠፋል። የላስቲክ ጓንት፣ መነጽር፣ ነፋስ ያለበት ቦታ፣ ሕፃን የሌለበት ሰዓት። ሶዳው ወደ ውሃው ይጨመራል፤ ውሃ በሶዳው ላይ ከፈሰሰ ፈንጥቆ ፊት ላይ ይመጣል። ሲሟሟ በራሱ ይግላል፣ ይተንናል፣ እንፋሎቱ አይሸተት። ዕቃው ወፍራም ፕላስቲክ ወይም የማይዝግ ብረት ይሁን፤ የአሉሚኒየም ድስት ከሶዳው ጋር ተዋግቶ ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣል፣ ድስቱም ይበላል። ቆዳ ላይ ከነካ ወዲያው በሚፈስ ውሃ ሩብ ሰዓትና ከዚያ በላይ መታጠብ ነው፤ ኮምጣጤ ማድረግ አያስፈልግም።

ዘይቱና የሶዳው ውሃ ሁለቱም ለብ ሲሉ፣ 40 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ፣ የሶዳው ውሃ በቀጭኑ ወደ ዘይቱ እየፈሰሰ ይማሰላል። በእንጨት ማማሰያ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ ለዚሁ ብቻ የተለየ የእጅ ብሌንደር ካለ በደቂቃዎች ያልቃል። ከማማሰያው የሚንጠባጠበው ላዩ ላይ መስመር ጥሎ ሲቆይ፣ ወፈር ያለ አጥሚት ሲመስል ደርሷል። ውስጡ ታጥቦ በደረቀ የወተት ካርቶን ይገለበጥና በብርድ ልብስ ተሸፍኖ ሁለት ቀን ያድራል። ከዚያ በጓንት ይቆረጥና ነፋስ በሚያገኝ መደርደሪያ ላይ ቢያንስ አራት ሳምንት ይቀመጣል። ቀድሞ ከተነካ እጅ ይልጣል፣ ቶሎም ያልቃል።

በማግሥቱ ላዩ ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ ወይ መማሰሉ አልበቃም፣ ወይ ሶዳው ክዳኑ ተከፍቶ ከርሞ እርጥበት ስቦ ደክሟል። የመጀመሪያው ከሆነ ተመልሶ በለስላሳ እሳት እየሞቀ ቢማሰል ይድናል። ነጫጭ ጠጠር ከታየበት ያልሟሟ ሶዳ ነው፤ ያ ሳሙና አይጠቀሙበትም።

ላርጎው ከሳሙናው ይቀላል። ለ10 ሊትር ከኬሚካል ሱቅ 500 ግራም ሰልፎኒክ አሲድና 300 ግራም ቴክሳፖን (አረፋ የሚሰጠው ዝልግልግ ማጽጃ)፣ 60 ግራም ኮስቲክ ሶዳ፣ ጨው፣ እንዲሁም የፒኤች (የአሲድነት) መለኪያ ወረቀት ይገዛል። ሶዳው በአንድ ሊትር ውሃ ተሟሙቶ ይቀዝቅዝ። ቴክሳፖኑ በአንድ ሊትር ውሃ ሌሊቱን ይዘፍዘፍ፤ በጉልበት ከተመታ አረፋና እብጠት ይሆናል። በባልዲ 6 ሊትር ውሃ ውስጥ አሲዱ ቀስ ብሎ ይማሰላል፣ ከዚያ የሶዳው ውሃ ትንሽ በትንሹ ይጨመራል። ወረቀቱ 7 እና 8 መካከል ሲያሳይ ይቆማል፤ ሶዳው ሁሉ የግድ መግባት የለበትም። ይህን መለኪያ የዘለለ ላርጎ ነው ዕቃ አጣቢዋን እጅ የሚልጠው። ቴክሳፖኑ ይከተላል።

ጨው የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው፤ 150 ግራም በግማሽ ሊትር ውሃ ተሟሙቶ በትንሽ በትንሹ። ማወፈሪያው ይኸው ነው። እስከ አንድ ልክ ድረስ ያወፍራል፣ ከዚያ ካለፈ ድንገት ተመልሶ እንደ ውሃ ይቀጥናል። የቀጠነውን ለማወፈር ብሎ ጨው መድገም ነገሩን ይበልጥ ያበላሸዋል፤ ያኔ የሚረዳው ትንሽ ቴክሳፖንና ውሃ መጨመር ነው። 10 ሊትር እስኪሞላ ውሃ ተጨምሮ አረፋው እስኪተኛ አንድ ቀን ይቀመጥ። መጠበቂያ ኬሚካል ስላልገባበት ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ይሠራ፣ ከወር ለማያልፍ ፍጆታ ብቻ ይሁን።

በረኪናን በቤት መሥራት አያዋጣም፤ ርካሽ ነው። ቁጠባው ያለው በማቅጠኑ ላይ ነው። 5 በመቶ የሆነ በረኪና 20 ሚሊ ሊትሩ ለአንድ ሊትር ውሃ ወለልና መጸዳጃ ለማጽዳት ይበቃል፤ የተቀጠነው በዚያው ቀን ይለቅ። ከሎሚ፣ ከኮምጣጤ ወይም ከአሲድ መጸዳጃ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። የጥርስ ሳሙናም እንደዚሁ ቢቀር ይሻላል፤ ፍሎራይድ በቤት አይገባበትም።

ነጠላና ጋቢ በበረኪና ሲታጠብ ይሰነጣጠቃል። ለእነሱ እንዶድ አለ። የደረቀው ፍሬ ተወቅጦ በቀዝቃዛ ውሃ ይዘፈዘፋል፣ አረፋ ሲያወጣ በጨርቅ ይጠለልና ይታጠብበታል፤ ካልተጠለለ ጥጡ ላይ ቅርፊቱ ይጣበቃል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች በኩል ቀንድ አውጣዎች ሞተው ዓይተው ነው እንዶድ የቢልሃርዝያ አስተላላፊዋን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የደረሱበት። ያው ኃይሉ ዓሣም ይገድላል፤ ስለዚህ የታጠበበት ውሃ ወደ ወንዝ ሳይሆን ደረቅ መሬት ላይ ይደፋ፣ ፍሬውም ከልጆች እጅ ይራቅ።